ራጅ የማያሳየው ስብራት፦ የልጅ ክርን ካርቲሌጅ መቼና እንዴት ይጠገናል?

ቀኝ ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፉና በግራ እጃችሁ ዳብሱት። ከውስጥ በኩል አንድ ጉብታ፣ ከውጪ በኩል ሌላ ጉብታ፣ ከኋላ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የምትደገፉበትን ሹል አጥንት ታገኛላችሁ። ሦስቱ ነጥቦች ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። አሁን እጃችሁን ዘርጉት፤ ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ክርን ሲወልቅ ይህ ቅርጽ ይዛባል። ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ የሚደርሰው የተለመደው የልጆች ስብራት ግን ሦስት ማዕዘኑን አይነካውም። የድሮ ሐኪሞች ራጅ ሳይኖር በጣታቸው ይህን ያህል ያውቁ ነበር።

ጣታችሁን በውጪው ጉብታ ላይ አቆዩት። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ እሱ ነው። ይህ የክርን ክፍል በልጅ ላይ ሲሰበር በራጅ በደንብ አይታይም፤ አንዳንዴም እንደሌላው ስብራት ብዙ አያስለቅስም። «ወለምታ ነው» ተብሎ ይታለፍና ከዓመታት በኋላ እጅ አጣሞ፣ ጣት አደንዝዞ ይመጣል።

«ካርቲሌጅ ተጎድቷል» የሚል ቃል ከሐኪም ሲሰማ ብዙ ቤተሰብ ቶሎ የሚያስበው ውጭ አገር ስለ መሄድ ነው። ስለ ሴል ንቅለ ተከላ፣ ስለ ውድ መርፌ፣ ስለ ሕንድና ስለ ባንኮክ ይወራል። እነዚያንም ቆይተን እናያቸዋለን። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላለ ልጅ ግን ትልቁ የክርን ካርቲሌጅ ጥገና የሚፈልገው የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣ፣ ሁለት ስስ ሽቦና አንድ ጀሶ ነው። ጥብቅ የሆነው ነገር ቀኑ ነው።

ካርቲሌጅ ምንድን ነው?

ሥጋ ስንበላ አጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ፣ የሚያንሸራትት፣ ጥርስ ስር ቅርጭጭ የሚል ነገር እናገኛለን አይደል? እሱ ነው። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ጫፎቻቸውን የሚያለብሰው ነገር ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ውሃውን አምቀው የሚይዙት ኮላጅን የሚባሉት ክሮችና በክሮቹ መሀል የተሰገሰጉ ስኳር ያዘሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው። ስንጫነው ውሃው ትንሽ ይወጣል፤ ስንለቀው ተመልሶ ይገባል። እንደ ስፖንጅ ማለት ነው፣ ግን እጅግ ጠንካራ ስፖንጅ። ሁለት ጤነኛ ካርቲሌጆች ሲንሸራተቱ የሚፈጠረው ሰበቃ በረዶ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ከሚፈጠረው ያንሳል።

ውፍረቱ እንደ ቦታው ይለያያል። ከጉልበት ሎሚ ጀርባ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ክርን ላይ ግን 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ይህ ቁጥር ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

የካርቲሌጅ ችግር የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ነርቭም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ እየተሰራጨ ነው፤ ፈሳሹን የሚያዘዋውረው ደግሞ እንቅስቃሴ ነው። በአዋቂ ሰው ካርቲሌጅ ውስጥ ሕያው ሴሎች ከጠቅላላው መጠን ከጥቂት በመቶ አይበልጡም፤ እያንዳንዱም በራሱ ጎጆ ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ደም ይፈስሳል፣ ደሙ ይረጋል፣ ጠጋኝ ሴሎች በደሙ መንገድ ይመጣሉ። ካርቲሌጅ ሲቆረጥ ግን ማንም አይመጣም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ሀንተር ገና በ1743 እ.ኤ.አ. ስለ መገጣጠሚያ ካርቲሌጅ በጻፈው ጽሑፍ አንዴ የተበላሸ ካርቲሌጅ እንደማይመለስ ገልጾ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ከሞላ ጎደል ልክ ነው።

ጉዳቱ ከካርቲሌጁ አልፎ ከስሩ ያለውን አጥንት ከደረሰ ነገሩ ይለወጣል። ከአጥንቱ መቅኔ ደም ይወጣል፣ ይረጋል፣ ጠባሳ ይሠራል። ይህ ጠባሳ ካርቲሌጅ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም፤ ክሮቹ የጅማትና የቆዳ ዓይነት ናቸው፣ ውሃ የመያዝ አቅሙም ዝቅ ያለ ነው። በልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ቁጠሩት። ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ጨርቁ ግን ያው ጨርቅ አይሆንም።

ክርን ለምን አስቸጋሪ ሆነ?

ክርን አንድ መገጣጠሚያ ይመስላል እንጂ በአንድ ከረጢት ውስጥ የታሰሩ ሦስት መገጣጠሚያዎች ነው። የላይኛው የክንድ አጥንት ከታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። አንዱ እንደ በር ማጠፊያ ያጥፋል ይዘረጋል፤ ሌላው መዳፍን ወደ ላይና ወደ ታች ያገላብጣል። አጥንቶቹ እንደ ቁልፍና ጋን ተገጣጥመው የተቀመጡ ስለሆኑ ክርን ጠንካራ ነው፤ በዚያው ልክ ለትንሽ መዛባት ይቅርታ የለውም።

የአሜሪካው የአጥንት ሐኪም በርናርድ ሞሪና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ሰዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን ሲሠሩ ክርናቸው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ለክተው ነበር። ብዙውን ሥራ ለመሥራት ከ30 እስከ 130 ዲግሪ መታጠፍ፣ መዳፍንም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ 50 ዲግሪ ያህል ማገላበጥ በቂ ሆኖ አገኙት። ወደ እኛ ስናመጣው፣ ክርኑ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ የቀረ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ይጽፋል። ሙሉ በሙሉ የማይታጠፍለት ሰው ግን እንጀራ ጠቅልሎ አፉ አይደርስም። ፊቱን መታጠብም ይቸገራል። መዳፉ ወደ ላይ የማይገለበጥለት ሰው ደግሞ በእጁ ላይ ውሃ ሲፈስስለት አይዝም። ስለዚህ ወላጅ «እጁ ቀጥ አላለም» ብሎ ሲጨነቅ እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው «አፉ ይደርሳል?» ብዬ ነው።

የማይታየው አጥንት

የልጅ ክርን ከአዋቂ ክርን በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል፤ አብዛኛው ገና አጥንት አልሆነም። የአጥንቶቹ ጫፎች በካርቲሌጅ የተሠሩ ናቸው፤ በውስጣቸውም ስድስት የአጥንት ፍሬዎች ተራ በተራ ይበቅላሉ። የመጀመሪያው በ1 ዓመት አካባቢ፣ የመጨረሻው በ11 ዓመት አካባቢ ይታያል፤ በሴቶች ላይ ትንሽ ይቀድማል። ራጅ ካርቲሌጅን አያሳይም። የ5 ዓመት ልጅ የክርን ራጅ ስታዩ በባዶ ጥቁር ቦታ ላይ የተንሳፈፉ ጠጠሮች ትመለከታላችሁ። በጠጠሮቹ መሀል ያለው «ባዶ» ቦታ እኮ ባዶ አይደለም፤ ክርኑ ራሱ ነው።

አሁን አንድ የ6 ዓመት ልጅ እናስብ፤ ለዚህ ጉዳት ከሚበዛበት ዕድሜ አንዱ ነው። ሾላ ሊለቅም ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ወይም አህያ ሲጋልብ፣ ወይም ከድንጋይ ካብ ላይ ሲዘል ወደቀና መሬቱን በተዘረጋ እጁ ያዘ። ኃይሉ በክንዱ ሽቅብ ሄዶ የክርኑን የውጪ ጉብታ ከመገጣጠሚያው ግማሽ ገጽ ጋር ገምሶ ይለየዋል። በልጆች ክርን ላይ ከሚደርሱ ስብራቶች ይህ በብዛት ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው ከክርን ከፍ ብሎ የሚሰበረው ነው። ያኛው ክንድን ስለሚያጣምምና በጣም ስለሚያብጥ ማንም አይስተውም። የውጪው ጉብታ ስብራት ግን እብጠቱ በውጪ በኩል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ክርኑን ትንሽ ያንቀሳቅሰው ይሆናል። ራጅ ሲነሳም የሚታየው እንደ ጥፍር ቁራጭ ያለ ቀጭን የአጥንት ስንጣሪ ነው። ስንጣሪዋ የጉዳዩ ጫፍ ናት። ከስሯ የተገነጠለው ትልቁ የካርቲሌጅ ቁራጭ ፊልሙ ላይ የለም።

ይህ ቁራጭ በቦታው አርፎ አይቀመጥም። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች የሚነሱት ከእሱ ላይ ስለሆነ እነሱ ይጎትቱታል። አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ይገለብጡታል፤ ያን ጊዜ ለስላሳው የመገጣጠሚያ ገጽ ወደ ሻካራው ስብራት ይዞራል። ስብራቱ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሚከፈት የመገጣጠሚያው ፈሳሽ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ አጥንት የሚያገናኘው የረጋ ደምም በወጉ አይያዝም። የልጅ አጥንት በፍጥነት እንደሚገጥም ሁሉም ያውቃል። ይህኛው ግን ዳተኛ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ራጁ ከፊትና ከጎን ብቻ ሳይሆን እጁ ወደ ውስጥ ዘወር ተደርጎ በሰያፍም እንዲነሳ ነው፤ የውጪው ጉብታ ምን ያህል እንደተለየ በደንብ የሚታየው በዚያ ነው። ሁለተኛው፣ ጤነኛው ክርንም ተነስቶ እንዲነጻጸር ነው። የአንድ ልጅ ሁለት ክርኖች ከሞላ ጎደል መንታ ስለሆኑ የጎደለው ወይም የተንሸራተተው ፍሬ ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱም ልዩ መሣሪያ አይፈልጉም፤ ያው ራጅ ነው።

ሁለት ሽቦ

ቁራጩ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከተለየና ካርቲሌጁ ካልተቀደደ በጀሶ ሊድን ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ በክርኑ ውጪ በኩል ይከፍታል፣ የረጋውን ደም ያጥባል፣ መገጣጠሚያውን በዓይኑ ያያል። እዚህ ላይ የሚፈልገው የካርቲሌጁ ገጽ ለጣት ሳይንጓጓ እንዲገጥም ነው። ከውጪ ያለው የአጥንት ጠርዝ ቢገጥምም ባይገጥምም ሁለተኛ ነገር ነው፤ ዋናው የሚንሸራተተው ገጽ ነው። ክርን ላይ ካርቲሌጁ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብለን ነበር፤ ስለዚህ የ2 ሚሊ ሜትር ደረጃ ማለት ከልባሱ ውፍረት የሚበልጥ ደረጃ ነው።

ሐኪሙ አንድ ነገር አይነካም፤ የቁራጩን ጀርባ። ለዚያ ቁራጭ ደም የሚደርሰው ከኋላ በኩል ከተያያዘው ሥጋ ነው። «በደንብ ልየው» ብሎ ከኋላ የገፈፈ ሰው ቁራጩን አስተካክሎ ገጥሞ በደም እጦት ሊገድለው ይችላል።

ከዚያ ሁለት ለስላሳ ብረት ሽቦዎች ተራርቀው ይገባሉ። ጥርስ የሌላቸው ለስላሳ ሽቦዎች የሚመረጡት አጥንቱ የሚያድግበትን መስመር ስለሚያቋርጡ ነው፤ ጥርስ ያለው ብሎን እድገቱን ሊያውክ ይችላል። የሽቦዎቹ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከቆዳ ውጪ ይቀራል፣ ጀሶ ይደረጋል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አጥንቱ መያያዙ በራጅ ሲታይ ሽቦዎቹ ይሳባሉ። ሲሳቡ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ ልጁ ከሕመሙ ይልቅ ፒንሳውን አይቶ ነው የሚጮኸው።

እንግዲህ ይህ ከማንኛውም ዘመናዊ ንቅለ ተከላ የተሻለ የካርቲሌጅ ጥገና ነው፤ የልጁ የራሱ ካርቲሌጅ፣ በራሱ ቦታ፣ ከነሕይወቱ ይመለሳልና።

ይህ የሚሆነው ግን ቶሎ ሲሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠርዞቹ ስለታም ናቸው፤ እንደተሰበረ ሸክላ ልክ በልክ ይገጥማሉ። ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ስንጥቁ በጠባሳ ይሞላል፣ ጠርዞቹ ይደበዝዛሉ፣ ለማግጠም ብዙ መግፈፍ ያስፈልጋል፤ መግፈፍ ደግሞ ደም ማቋረጥ ነው። ዘግይቶ የመጣም ይሠራለታል፣ ውጤቱ ግን እንደ መጀመሪያው ሳምንት አይደለም።

ጨርሶ ሳይታከም ቢቀርስ? ቁራጩ ሳይያያዝ ይቀራል። ልጁ ሲያድግ ክንዱ ከክርን በታች ወደ ውጪ እየተንጋደደ ይሄዳል። በውስጠኛው ጉብታ ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ፣ ክርናችሁ ሲጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝራችሁ ማለት ነው፣ በዚህ መንጋደድ ምክንያት ዓመታት ሙሉ እየተወጠረ ይኖራል። ከ10፣ ከ20፣ አንዳንዴም ከዚያ ከሚበልጥ ዓመት በኋላ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ ይጀምራሉ፣ በጣቶች መሀል ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፣ ሰውየው ቁልፍ ማዞር ይቸግረዋል። ጎልማሳው «እጄን ምን ነካው?» ብሎ ይመጣል፤ በልጅነቱ ከዛፍ መውደቁን ረስቶታል።

በወጌሻና በሆስፒታል መካከል

ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉት ከስናን ወይም ከቢቡኝ ቀበሌዎች አንድ ልጅ በሐምሌ ቢወድቅ ወደ ደብረ ማርቆስ ለመውረድ ጭቃው፣ መኪናው፣ ብሩ አለ። ወጌሻው ጎረቤት ነው፣ ይታወቃል፣ ዛሬውኑ ያያል። ቤተሰብ ወደ እሱ መሄዱ ከድንቁርና አይደለም፤ ስሌት ነው። ብዙ ወጌሾችም የጣት ውልቃትና ቀላል ስብራት ሲያቀኑ እጃቸው የለመደ ነው። ክርን ላይ ግን ሁለት ነገር ይበላሻል።

አንዱ ማሸት ነው። ቅቤ ቀብቶ ክርንን በኃይል ማሸትና መጎተት በተጎዱት ጡንቻዎች ውስጥ እንደገና ደም ያፈስሳል። ክርን ደግሞ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ለአንድ መጥፎ ጠባይ የተጋለጠ ነው፤ በጡንቻው ውስጥ ያለ ቦታው አጥንት ሊያበቅል ይችላል። ያ አጥንት መገጣጠሚያውን እንደ ሽብልቅ ይቀረቅረዋል። ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ስለሆነ ሳይታሸም ይመጣል፤ መታሸትና በኃይል መለጠጥ ግን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ጠብቆ መታሰር ነው። ክርን ሲሰበር ያብጣል። በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ክንድ የሚያብጥበት ቦታ ሲያጣ ደም ይቋረጣል። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ጡንቻው ሞቶ ጣቶች እንደ ጥፍር ቆልፈው የሚቀሩበት ጉዳት ከዚህ ይመጣል። ከዚያ ከባሰ እጅ ይቆረጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጓቸው ልጁ በጣም የሚጮህ ከሆነ፣ ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ማሰሪያው መፈታት አለበት። ጀሶም ቢሆን ያው ነው፤ ሆስፒታል የታሰረ ስለሆነ አይጠብቅም ማለት አይደለም።

በአገራችን ይህን ለመቀነስ የሞከረ አንድ ሥራ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ስልጠና ከተሰጠ በኋላ በጠባብ እስር ምክንያት የሚደርስ የእጅና የእግር መቆረጥ እንደቀነሰ አሳይተዋል። አንድ ቀን ብቻ! እኔ ከክልከላ ይልቅ በዚህ አምናለሁ። ወጌሻው «ክርን ከሆነ አልነካም፣ አልቤ በነጠላ አንግቼ እልካለሁ» ቢል በአንድ ወረዳ ውስጥ ከአንድ ሲቲ ስካን የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ልጁ የወደቀ ዕለት ከቤት የሚጠበቀው ጥቂት ነው። እጁን በተመቸው ሁኔታ፣ ብዙ ሳይታጠፍ፣ በካርቶን ወይም በጣውላ ላይ ለስላሳ ጨርቅ አድርጎ መደገፍ፤ በነጠላ ማንገት፤ አምባርና ክር ካለ ከማበጡ በፊት ማውለቅ፤ ለማደንዘዣ ባዶ ሆድ ሊያስፈልግ ስለሚችል መንገድ ላይ ብዙ አለማብላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ በጤና ጣቢያ በኩል የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ራሳችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ባሕር ዳር ይልካል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከጥቁር አንበሳ ሌላ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል በልጆች አጥንት ላይ ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ደግሞ ልንገራችሁ። «አልተለየም» ተብሎ በጀሶ የተመለሰ ልጅ በ5ኛው እና በ7ኛው ቀን መካከል ለሌላ ራጅ መመለስ አለበት። በመጀመሪያው ቀን በቦታው የነበረ ቁራጭ በሳምንቱ ሊንሸራተት ይችላል፤ ጡንቻው እየጎተተው ነዋ! ቤተሰቡ ግን ሕመሙ ስለለቀቀው፣ እርሻም ስለደረሰ፣ «ተሽሎታል» ብሎ ይቀራል። ከጀሶ ሕክምና ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ሁለተኛው ራጅ ነው።

ስለ ሩቁ ሕክምና

በ10 እና በ17 ዓመት መካከል ያሉ፣ ዕቃ በተደጋጋሚ የሚወረውሩ ወይም በእጃቸው የሚቆሙ ወጣቶች ሌላ ዓይነት የክርን ካርቲሌጅ ችግር ይገጥማቸዋል። ከውጪው ጉብታ ስር ባለችው ትንሽ ኳስ ላይ፣ ከካርቲሌጁ ስር ያለው አጥንት ደም አጥቶ ይላላል፣ ካርቲሌጁም አብሮ ይላቀቃል። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ፍራንትስ ኮኒግ ነው፣ በ1887 እ.ኤ.አ.። በብዛት የሚታየው ቤዝቦል በሚጫወቱ በጃፓንና በአሜሪካ ልጆች እንዲሁም በጂምናስቲክ ሠሪዎች ላይ ነው። እኛ ቤዝቦል የለንም። ማማ ላይ ቆሞ ከጠዋት እስከ ማታ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ወፍ ጠባቂ ልጅ ግን አለን፤ ክርኑ የሚሠራው እንቅስቃሴ የዚያው ዓይነት ነው። «የውጪ ክርኔን ያመኛል፣ አንዳንዴ ይቆልፍብኛል» የሚል ልጅ ሲመጣ ስለ ወንጭፍ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። የቡሄ ጅራፍ ግን የጥቂት ቀን ነገር ስለሆነ አያሳስበኝም።

ቁራጩ ገና ካልተላቀቀ ሕክምናው ለወራት መወርወር ማቆም ነው፤ በተለይ አጥንታቸው እያደገ ባሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከተላቀቀ መንገዱ ይከፋፈላል። ቁራጩን አውጥቶ ከስሩ ያለውን አጥንት በቀጭን መርፌ መብሳት ይቻላል፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ሪቻርድ ስቴድማን ለጉልበት ያስፋፋው ዘዴ ነው። ደሙ ይወጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፤ ያ ከላይ ያወራነው እራፊ ማለት ነው። ጉድጓዱ ሰፊ ከሆነ ከጉልበት ጠርዝ፣ ክብደት ከማይሸከም ቦታ፣ አጥንትና ካርቲሌጅ የያዘ ትንሽ ሲሊንደር ተቦርቡሮ ወጥቶ ክርን ላይ ይተከላል። ሃንጋሪያዊው ላስሎ ሃንጎዲ በ1990ዎቹ ያስፋፋው ይህ ዘዴ እውነተኛ ካርቲሌጅ ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ጤነኛ ጉልበትን መቦርቦር ነው። ጃፓኖች አንዳንዴ ከጎድን አጥንት ይወስዳሉ።

ሦስተኛው ወሬው የበዛለት የሴል ንቅለ ተከላ ነው። ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ ማትስ ብሪትበርግ፣ ላርስ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው የሰውን ካርቲሌጅ ሴል በላቦራቶሪ አባዝተው ጉልበት ላይ መመለሳቸውን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለጉልበት ነው፤ ሰፊ፣ ወፍራም ካርቲሌጅ ላለው መገጣጠሚያ። ክርን ጠባብ፣ ልባሱም ስስ ስለሆነ እዚያ ላይ በብዛት አይሠራም። ለክርን ብላችሁ ቤት ሸጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሐኪም «በክርን ላይ ስንት ሠርተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ካርቲሌጅ ያሳድጋል ተብሎ ስለሚሸጠው ክኒን ደግሞ አጭር ነኝ፦ የጠፋ ካርቲሌጅ መልሶ ሲያበቅል አልታየም።

ጀሶው ከወጣ በኋላ

ለመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ምግብ ነው ብለናል። ካናዳዊው ሮበርት ሶልተር ቶሮንቶ ውስጥ በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ካርቲሌጃቸው የተበሳ ጉልበቶች፣ ሳያቋርጡ በቀስታ ሲንቀሳቀሱ፣ በጀሶ ከታሰሩት እጅግ የተሻለ ጠገኑ። ስለዚህ አጥንቱ እንደያዘ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው። ማን ያንቀሳቅሰው? ልጁ ራሱ። ጀሶው ሲወጣ ክርኑ እንደ እንጨት ደርቆ ይገኛል፤ ወላጅ ይደነግጣል፣ አያት «በውሃ የተሞላ ጀሪካን ያንጠልጥልበት፣ ቀጥ ይላል» ይላሉ። አይሆንም፣ እማማ። ክርን በኃይል ሲጎተት ጡንቻው ይኮማተራል፣ ያብጣል፣ የባሰ ይደርቃል። ልጁን ወደ ጨዋታው መልሱት፣ ራሱ ይብላ፣ ራሱ ይታጠብ፣ ኳስ ይያዝ። በየሳምንቱ ጥቂት ዲግሪ እየጨመረ ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች እስከ አንድ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በክርኑ ውጪ በኩል አዲስ ጉብታ ታዩ ይሆናል። ብዙ ወላጅ «አጥንቱ እንደገና ወጣ» ብሎ ይመለሳል። አልወጣም፤ ስብራቱ ሲድን በዚያ በኩል ትርፍ አጥንት ማብቀሉ የተለመደ ነው። ልጁን ካላመመው፣ እጁ እየታጠፈና እየተዘረጋ ከሆነ፣ ጉብታውን አትነካኩት።